እድራችሁ ለሞተ ብቻ ሳይሆን በቁም ላለም እንዲደርስ እንዴት ይደረጋል?

ጅማ ውስጥ እድር የሌለው ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ድንኳኑ አለ፣ ድስቱና ወንበሩ አለ፣ ባንክም የተቀመጠ ብር አይጠፋም። ግን ይሄ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው ሰው ሲሞት ነው። አልጋ ላይ የዋሉትን ጎረቤት እድሩ የሚያስታውሳቸው ጥሩንባ ሲነፋ ነው።

ይሄን ለመቀየር አዲስ የበጎ አድራጎት ድርጅት ልናቋቁም ብላችሁ አትድከሙ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና እቁብን አይመለከትም። የሚያስፈልጋችሁ የራሳችሁን መተዳደሪያ ደንብ ማሻሻል ነው። ጠቅላላ ጉባኤ ጥሩ፣ ተወያዩ፣ ቃለ ጉባኤ አስፈርሙ። «የቀብር ገንዘባችን ሊያልቅ ነው» የሚል ሰው መነሳቱ አይቀርም፣ እውነቱንም ነው። የቀብሩን አትንኩ። እርዳታው የራሱ መዋጮ፣ የራሱ ደብተር፣ ከተቻለም የራሱ የባንክ ሒሳብ ይኑረው፤ ብር የሚወጣውም በሁለት ሰው ፊርማ ይሁን።

መዋጮውን በቡና ወቅት ጀምሩ፣ ያኔ ሰው እጅ ላይ ብር አለ። ዘካውን በእድሩ በኩል መስጠት የሚፈልግ ካለ ለብቻ መዝግቡለት። ዘካ ለእነማን እንደሚሰጥ በሃይማኖቱ የተወሰነ ስለሆነ ከሌላው ጋር አይደባለቅም።

ከባዱ ነገር ማን ይረዳ የሚለው ነው። ስብሰባ ላይ «የተቸገረ እጁን ያውጣ» ማለት ዋጋ የለውም። ይሉኝታ ስላለ በጣም የተቸገረው ነው ዝም የሚለው፣ ለእድሩ ዳኛ ቀረብ ያለው ደግሞ ቀድሞ ይመዘገባል። ስለዚህ ከአመራሩ ውጭ ሦስት ሰው ምረጡ፤ እኔ ብሆን ሁለቱን ሴቶች አደርጋለሁ፣ ምክንያቱም ጭስ የማይወጣበትን ቤት ቡና የሚጠራሩ ሴቶች ያውቁታል። ስም ከመጠራቱ በፊት መስፈርቱ ይጻፍ፦ ጧሪ የሌለው አረጋዊ፣ የአልጋ ቁራኛ፣ ወላጅ ያጡ ልጆች። ቤት ድረስ የሚሄዱት ሁለት ሆነው ነው። ዘመዱ የቀረበበት ሰው ውሳኔው ላይ አይቀመጥም።

ስም ደግሞ አይነበብም። ለጉባኤው ስንት ቤት እንደተረዳና ስንት ብር እንደወጣ ብቻ ይነገር፣ ስምና ፊርማውን ተቆጣጣሪው ይይ። ፎቶ ማንሳት የሚባለውንማ ጨርሶ እርሱት። አንድ የማውቀው እድር ዱቄት ሲሰጥ ያነሳውን ቴሌግራም ላይ ለጠፈ፤ በሚቀጥለው ወር ሴትየዋ በር አልከፈቱም።

ምን ይሰጥ? ሁሉም ዘይትና ዱቄት ላይ ይሮጣል። እኔ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑን አስቀድማለሁ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ተከፍሎ ቤተሰቡን ያሳክማል። የምዝገባ ጊዜ ስላለው ቀበሌ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ መክፈል ለማይችሉ መንግሥት የሚከፍልበት አሠራርም ስላለ ሰውዬው እዚያ ውስጥ መኖራቸውን አጣሩ። ቀጥሎ ጣሪያ ነው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ የሚያፈስ ቤት ውስጥ ዱቄቱም ይበሰብሳል። ቆርቆሮና ሚስማር እድሩ ይግዛ፣ ከአባላት መካከል አናጢ አይጠፋም።

ዝርዝሩን በየስድስት ወሩ ከልሱ፣ ይሄም ደንቡ ላይ ይጻፍ። ካልተጻፈ አንዴ የገባን ሰው ማስወጣት ጠብ ነው።