የስኳር ሕመም ያለበትን ወጣት ኩላሊት በጊዜ ስለ መጠበቅ

የስኳር ሕመም ያለበት ወጣት ኩላሊቱ መጎዳት ሲጀምር ምንም አያመውም፤ እግሩ እስኪያብጥ የሚጠብቅ ቤተሰብ ጉዳቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ዕድሜው 10 ዓመት ከሞላ ወይም ለአካለ መጠን መድረስ ከጀመረ፣ ሕመሙም 5 ዓመት ከቆየ፣ በየዓመቱ የሽንት አልቡሚን (ኩላሊት ሲጎዳ ወደ ሽንት የሚያልፍ የደም ፕሮቲን) ምርመራ ያስፈልገዋል። ዓይነት 2 ከሆነ ግን ምርመራው ሕመሙ እንደ ታወቀ ይጀመራል።

በደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ፣ በኩላሊት ማጣሪያ ሴሎች ውስጥ ያሉት ኃይል አመንጪ ክፍሎች (ማይቶኮንድሪያ) ሱፐርኦክሳይድ የተባለውን ጎጂ ውሕድ ከወትሮው አብልጠው ያመነጫሉ። ግሉታታዮንን የመሳሰሉ የሰውነት መከላከያዎች ይህን ማምከን ሲያቅታቸው ኦክሲዳቲቭ ስትረስ የተባለው የሴል ጉዳት ይፈጠራል፤ ማጣሪያውም እየተጎዳ ሲሄድ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ወደ ሽንት ይሾልካል። ተመራማሪዎች የኦክሲዳቲቭ ስትረስን ምልክቶች በደም ውስጥ ይለካሉ፤ ለቤተሰብ የሚበጀው ግን የሾለከውን አልቡሚን ማስለካት ነው።

ሐኪሙ እንዲያዝ የሚጠየቀው የሽንት አልቡሚን ከክሬያቲኒን (ከጡንቻ ወጥቶ በሽንት ከሚወገድ ቆሻሻ) ጋር ያለው ንጽጽር ነው። ሽንት ውስጥ የሚነከረው ተራው የምርመራ ወረቀት (ስትሪፕ) አልቡሚኑ በብዛት መፍሰስ ከጀመረ በኋላ ብቻ ቀለም ስለሚቀይር፣ በእርሱ «ሽንቱ ንጹሕ ነው» መባል በቂ መተማመኛ አይሆንም። ለጎጃም ገጠር ደግሞ አንድ የተለየ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ከጮቄ ግርጌ ተነሥቶ ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ ደብረ ማርቆስ የደረሰ ልጅ እንደ ደረሰ ሽንት ቢሰጥ፣ ጉዞው ብቻውን አልቡሚኑን ከፍ አድርጎ ጤነኛውን ኩላሊት የታመመ ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህ ንጹሕ ዕቃ አስቀድሞ ከላቦራቶሪ መቀበል፣ በዋዜማው ከእርሻና ከሩጫ ማረፍ፣ ጠዋት ከመኝታ እንደ ተነሡ የመጀመሪያውን ሽንት ይዞ በዚያው ዕለት ማድረስ ይሻላል። ትኩሳት ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ባለበት፣ ስኳሩ እጅግ በናረበት ሰሞን ወይም በወር አበባ ጊዜ የተሰጠ ናሙናም ያሳስታል።

ውጤቱ በአንድ ግራም ክሬያቲኒን ከ30 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ደኅና ነው። ከ30 በላይ ከሆነ በስድስት ወር ውስጥ ከሚሰጡ ሦስት ናሙናዎች ሁለቱ እስኪያረጋግጡት ድረስ ልጁን የኩላሊት በሽተኛ ብሎ መጥራት አይገባም።

ስለ ኦክሲዳቲቭ ስትረስ የሰማ ሰው ይህን ይከላከላል የሚባለውን አንቲኦክሲዳንት ክኒን ልግዛ ማለቱ አይቀርም፤ እኔ ግን አልመክርም። በዋናነት አንቲኦክሲዳንት ባይባሉም የቫይታሚን ክኒኖች እንኳ ሊጎዱ እንደሚችሉ ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የካናዳ ጥናት የስኳር ሕመም ኩላሊታቸውን ለጎዳባቸው ሰዎች ቢ6፣ ቢ9 እና ቢ12 ቫይታሚኖችን በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ የኩላሊታቸው ሥራ ይልቁን ፈጥኖ አሽቆልቁሏል። የሽፈራው ቅጠልም በምግብ መጠን ባይነቀፍ የኢንሱሊንን ቦታ አይተካም። ፍቱንነቱ የተመሰከረለት ስኳሩን መቆጣጠር ነው፤ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 39 የሆኑ ዓይነት 1 ሕመምተኞችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት፣ ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር የአልቡሚን መሾለክን በ39 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በዓባይ በረሃ ቆላ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ኢንሱሊኑን ከሙቀት ከመጠበቅ ይጀምራል፤ ማቀዝቀዣ ከሌለ በእርጥብ አሸዋ መካከል የተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ ያገለግላል። ጠበል የሚሄድ ልጅም ኢንሱሊኑን ይዞ ይሂድ፤ ጸሎቱ መርፌውን አቋርጥ አይለውም።

አልቡሚኑ መሾለኩ ከተረጋገጠ ሐኪሙ ኢናላፕሪልን የመሰለ የደም ግፊትን የሚቀንስና ኩላሊትን የሚጠብቅ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ክሬያቲኒንና ፖታሲየም በደም ምርመራ መታየት አለባቸው፤ ፅንስን ስለሚጎዳም ለማርገዝ ያሰበች ወጣት አስቀድማ ለሐኪሟ መንገር ይኖርባታል። ለራስ ምታትም ሆነ ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የተባሉት ማስታገሻዎች ኩላሊትን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ከመግዛት በፊት የልጁን የኩላሊት ሁኔታ ለፋርማሲው ባለሙያ መናገር ያስፈልጋል።