በመንገድ መካከል እየጠፋ ያስቸገረን የ1943ቱ ጂፕ

በእንግሊዝ አገር ለአደባባይ ትርዒትና ለኪራይ የምናዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ1943 የተሠራ ዊሊስ ጂፕ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተነዳ በኋላ ሞተሩ እየተንገጫገጨ ይጠፋና አሥር ደቂቃ ካረፈ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ይነሣ ነበር። በመጀመሪያ ነዳጁ በሙቀት እየተነነ መስሎኝ ቱቦውን ከጭስ ማውጫው አራቅሁ፤ ቀጥሎም ለካንዴላው ብልጭታ ኃይል የሚሰጠውን ቦቢና ለወጥሁ፤ ሁለቱም ከንቱ ድካም ሆኑ።

ምክንያቱ የታወቀው ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያውኑ የነዳጁን ቱቦ ከፓምፑ መግቢያ ፈትቼ በጎማ መንፊያ ወደ ኋላ አየር ስነፋበት ነው፤ ጥቂት እምቢ ካለ በኋላ በድንገት ተለቀቀና ከሾፌሩ ወንበር ሥር ካለው ሰልባትዮ (የነዳጅ ማጠራቀሚያ) የአረፋ ድምፅ ተሰማ። ሞተሩ ሲሠራ የሚሳበው የዝገት ቅርፊት በሰልባትዮው ውስጥ ያለውን የነዳጅ መምጠጫ ቱቦ አፍ ይደፍናል፤ ሲጠፋ ግን ተመልሶ ይረግፋል።

ሰልባትዮውን አውርጄ፣ የቤንዚን ትነት እንዳይቀር በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሜ ካጠብሁ በኋላ፣ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ሞላሁት፤ ዝገቱ በኤሌክትሪክ እንዲለቅ የባትሪ ቻርጀሩን ኔጌቲቭ ከሰልባትዮው፣ ፖዘቲቩን ደግሞ ግድግዳውን ሳይነካ ውስጡ ከተንጠለጠለ ተራ ብረት ጋር አገናኝቼ ሁለት ቀን ተውሁት። ሥራው ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ደጅ መሆን አለበት፤ በተራው ብረት ፈንታ የማይዝግ ብረት ማንጠልጠልም መርዛማ ክሮሚየም ስለሚለቅ አይገባም። ከደረቀ በኋላ ውስጡን ቤንዚን በማይበላው ማሸጊያ ለበጥሁት። አዲስ ሰልባትዮ መግዛት ይቻል ነበር፤ ተመልካቹ የሚመጣው ግን የጥንቱን ብረት ለማየት ነው።