በአልትራሳውንድ እየታዩ ከእንቅርት እብጠት በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ

ታካሚውን በጀርባ አስተኝተው ከትከሻቸው ሥር ትራስ ያድርጉ፤ መርፌው ውስጥ ሳለ ምራቅ እንዳይውጡና እንዳይናገሩ አስቀድመው ይንገሯቸው። ባለ 25 ወይም 27 ጌጅ መርፌ ይበቃል (ጌጅ የመርፌ ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል)። ወፍራሙ ደም ያበዛል፣ ደም የበዛበት ስላይድ (ናሙናው የሚቀባበት መስታወት) ደግሞ ለማንበብ ያስቸግራል።

ከባዱ ነገር የመርፌውን ጫፍ አለማጣት ነው። መርፌው ከፕሮቡ (ቆዳ ላይ ከሚያዘው የአልትራሳውንድ መሣሪያ) ጋር በአንድ መስመር ካልሄደ፣ ስክሪኑ ላይ የምትታየው ነጭ ነጥብ ጫፉ ሳትሆን ወገቡ ልትሆን ትችላለች። ጫፉ ከጠፋብዎ በፍጹም አይግፉ፤ እጅዎን አቁመው ፕሮቡን ብቻ በቀስታ ያዘንብሉ።

እብጠቱ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ወደፊትና ወደኋላ ያመላልሱ። የመርፌው መያዣ ላይ ደም ብቅ ካለ ያውጡ። በሲሪንጅ ከሳቡ መርፌው ሳይወጣ ስበቱን ይልቀቁ፤ አለዚያ ናሙናው ሲሪንጁ ውስጥ ይቀራል። ከ2 እስከ 5 ጊዜ ይደገማል። ለፓፕ ቀለም (ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ እንዲለዩ ለሚቀቡበት ቀለም) የሚዘጋጀው ስላይድ ሳይደርቅ ወዲያው 95 ከመቶ አልኮል ውስጥ ይግባ።