መንገዱን ሳታዘጋጁ አታውጁ፦ በጅማ በሴቶችና በልጃገረዶች ላይ የሚደርስን ጥቃት ለሕዝብ የማሳወቅ ሥራ

ሰልፍ ወጥቶ፣ ቲሸርት ታድሎ፣ ንግግር ተደርጎ ሲያበቃ አንዲት ሴት ጠጋ ብላ «እኔስ የት ልሂድ?» ብትል መልስ የሚሰጣት ከሌለ፣ ያ ዝግጅት ሊጠቅማት ቀርቶ ይጎዳታል። ተናግራለች፤ ጎረቤትም ሰምቷል፤ ማታ ግን የምትገባው እዚያው ቤት ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ ከፖስተር አይጀመርም። የሚጀመረው ተጎጂዋ የምትሄድበትን መንገድ ከማወቅ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት፣ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል እርዳታ የጠየቁት 23 በመቶው ብቻ ናቸው። 66 በመቶው እርዳታም አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። ዝም ያሉት ጥቃት ክፉ መሆኑን ስላላወቁ ብቻ አይደለም። ቢናገሩ ምን እንደሚከተል ስለማያውቁ፣ ወይም አሳምረው ስለሚያውቁ ጭምር ነው። የምታሳውቁት ነገር ይህን መለወጥ አለበት።

መንገዱን በእግር ሂዱበት

ሁለት ሰው መድቡ፣ አንዷ የግድ ሴት ትሁን። ተጎጂ የምትሄድበትን መንገድ ከቀበሌ እስከ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ እስከ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ ከዐቃቤ ሕግ እስከ ዩኒቨርሲቲው ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ድረስ ራሳቸው ይሂዱበት። በየቦታው የሚጠየቀው አንድ ዓይነት ነው፦ የትኛው በር ነው? በስንት ሰዓት ይከፈታል? ሴት ፖሊስ ወይም ሴት ሐኪም አለች? ቃሏን የምትሰጠው ለብቻዋ ክፍል ገብታ ነው ወይስ መስኮት ላይ ቆማ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ? ለካርድና ለሕክምና ማስረጃ ይከፈላል? ኦሮምኛ ብቻ ወይም አማርኛ ብቻ የምትናገር ብትመጣ ማን ያናግራታል? ሌሊትና እሑድስ ማን አለ?

ዓርብ ቀን ከ5፡30 እስከ 7፡30 መሥሪያ ቤቶች ለምሳና ለስግደት ዝግ ናቸው። ይህን የማታውቅ ሴት ከሰቃ ወይም ከዴዶ ተሳፍራ መጥታ በር ተዘግቶ ብታገኘው ተመልሳ ላትመጣ ትችላለች። እንዲህ ያለው ጥቃቅን ነገር ነው ሰው የሚያስቀረው፤ ስለዚህ ጻፉት።

ያገኛችሁትን በአንድ ገጽ አጠቃልሉ። ስልክ ቁጥር ከማተማችሁ በፊት አንዴ ቀን፣ አንዴ ማታ ደውሉበት። የፖሊስ 991ን እንኳ ቢሆን ከከተማ ወጣ ካለ ቀበሌ ሆናችሁ ሞክሩት። የማይነሳ ቁጥር የታተመበት ወረቀት ባይታተም ይሻላል።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት

ሕዝቡ ከዝግጅታችሁ አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ ከሆነ ሰዓቱን ይያዝ። የተደፈረች ሴት ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠውን መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለባት፤ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ የተሻለ ይሠራል። እርግዝናን ለመከላከል የሚሰጠው ድንገተኛ መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ይወሰዳል፤ እሱም በዘገየ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል። «72 ሰዓት» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ፣ ሰው ሰዓት አይቆጥርም። «ሰኞ ማታ ከሆነ ከሐሙስ ማታ በፊት፣ ቢቻል ዛሬውኑ» ብላችሁ ጻፉ።

ቀጥሎ ማስረጃው ነው። ሐኪም ሳያያት ባትታጠብ፣ ልብሷንም ባታጥብ ይመረጣል። የለበሰችውን በወረቀት ከረጢት ወይም በጋዜጣ ጠቅልላ ትያዝ። ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ማስረጃውን ያበላሻል። ከታጠበች ግን «በቃ አለቀ» እንዳትሉ፤ ሕክምናው ያው አስፈላጊ ነው፣ የሐኪም ማስረጃም አሁንም ሊገኝ ይችላል። ይህን ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር የሚዘለው ብዙ ነው። ሲዘለል የታጠበች ሴት ከነጭራሹ ሳትሄድ ትቀራለች።

ሦስተኛው ሕጉ ነው፤ እሱም በአጭሩ ይነገር። ጋብቻ ከ18 ዓመት በታች አይፈቀድም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 መሠረት 13 ዓመት የሞላትን ልጅ ያገባ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች የሆነችውን ያገባ እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ጠለፋ በአንቀጽ 587 ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል፤ ጠላፊው በኋላ ቢያገባትም ከወንጀል ተጠያቂነት አያመልጥም። ይህን የመጨረሻውን ለሽማግሌዎች ደጋግማችሁ አስረዱ፤ «ተጋቡ፣ ነገሩ በረደ» የሚባለው እርቅ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነውና።

ቋንቋና ወረቀት

ከተማው ውስጥ አማርኛ ይሰማል። ከሂርማታ ገበያ ወጥታችሁ ወደ ማና፣ ቀርሳ ወይም ጎማ ስትዘልቁ ግን ኦሮምኛው መቅደም አለበት። አማርኛውን ቃል በቃል አታስተርጉሙ፤ በኦሮምኛ የሚያስብ ሰው ከመነሻው ይጻፈው። ካስጻፋችሁ በኋላ ለሦስት ሴቶች አንብቡላቸውና «ምን አድርጉ ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ጥቃት መጥፎ ነው ይላል» ካሉ ወረቀቱ አልሠራም፤ «ሐኪም ቤት ሂዱ ይላል» ካሉ አትሙት።

ትልቁ ፖስተር ለግድግዳ ነው፤ ሥራውን የምትሠራው ትንሿ ካርድ ናት። የመታወቂያ መጠን ይኑራት፣ ከፊት የጤና ጣቢያ ቀጠሮ ካርድ ትምሰል። «የጥቃት ሰለባ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ካርድ ባል ኪሷ ውስጥ ቢያገኘው ለሌላ ዱላ ምክንያት ይሆናል። የሚቀመጥበት ቦታ ደግሞ ሴት ለብቻዋ የምትሆንበት ይሁን፦ የጤና ጣቢያ የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር ውስጠኛው ፊት፣ የነፍሰ ጡር መከታተያ ክፍል፣ የሴቶች ፀጉር ቤት። ባጃጅ ውስጥ የሚለጠፈው ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ፣ በተሳፋሪ ዓይን ትይዩ ሆኖ ከአራት መስመር አይብለጥ።

ቡናው ላይ

በጅማ ሰው ለማወያየት አዳራሽ መከራየት አያስፈልግም። ከ12 እስከ 15 ሴቶች፣ እድሜያቸው የተቀራረበ፣ በአንዷ ቤት ይሰብሰቡ። አማትና ምራት አንድ ላይ አታስቀምጡ፤ ምራት አትናገርም። ለዚህ ያህል ሰው ከ150 እስከ 200 ግራም ጥሬ ቡና ይበቃል፤ ከመቁላቱ እስከ በረካው ሁለት ሰዓት ያዙ። ጊዜው ከሰዓት በኋላ፣ ባሎች ቤት በሌሉበት ይሁን።

ቡናው እየተቆላ ስለ ጥቃት አታንሱ። አቦል ሲቀዳ አወያይዋ የማንም ያልሆነ ታሪክ ታቅርብ፦ የ15 ዓመት ልጅ፣ ጥር ላይ ሊድሯት የታሰበች፣ አስተማሪዋ ያወቀች። «አስተማሪዋ ምን ታድርግ?» ተብሎ ይጠየቅ። ቶና ላይ ጥያቄው ወደ ሰፈሩ ይምጣ፦ «እዚህ ቢሆንስ ማን ጋ ይኬዳል?» በረካ ላይ ያ አንድ ገጽ በቃል ይነገር፣ ካርዱ ይታደል። «ከእናንተ መካከል የደረሰባት አለች?» ብሎ በጉባኤ መጠየቅ ፈጽሞ አይደረግም። የደረሰባት እዚያው መካከል ልትኖር ትችላለች፤ ዝም ብትል ዋሸች፣ ብትናገር ተጋለጠች ማለት ነው።

አንዷ በራሷ ጊዜ መናገር ከጀመረች አወያይዋ በእርጋታ ታቋርጣትና «ይህን ለብቻችን እናውራው» ብላ ረዳቷን ትላክላት፤ ረዳቷ ይዛት ትውጣ። ለብቻ ሲሆኑ የሚባለው ጥቂት ነው፦ «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አሁን ቤት ብትገቢ ያሰጋሻል? ምን እንድናደርግ ትፈልጊያለሽ?» ለምን ወጣሽ፣ ምን ለብሰሽ ነበር፣ ለምን እስካሁን ዝም አልሽ ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። «እናስረዋለን» ብላችሁ ቃል አትግቡ። አዋቂ ከሆነች ምርጫው የእሷ ነው። ሕፃን ከሆነች ግን ዝም አይባልም፤ ለማን እንደምትናገሩ ነግራችኋት ወደ ሕክምናና ወደ ፖሊስ ይዛችኋት ሂዱ።

ከወንዶችና ከሽማግሌዎች ጋር

ወንዶቹን ለማግኘት በርጫ ከተቀመጡበት መሄድ ያዋጣል፤ ተናጋሪው ግን ከራሳቸው መካከል የሚከበር ሰው ይሁን። መጀመሪያ ላይ፣ ጫቱ ሳይገፋ ይናገር። ምርቃና ላይ የተገባ ቃል ለማግስቱ ብዙም አይተርፍም።

ለኢማሙና ለቄሱ የአምስት ደቂቃ ንግግር የሚሆን ግማሽ ገጽ ስጧቸው፤ ከዚያ የረዘመ አይነበብም። ከእነሱ የሚፈለገው አንድ ነገር ነው፦ የልጅቷ እድሜ ሳይረጋገጥ ኒካህ እንዳያስሩ፣ ቃል ኪዳን እንዳይሰጡ። የልደት ማስረጃ ከሌላት የትምህርት ቤት መዝገብ ይታይ። ሽማግሌዎችንም «እርቅ አትቀመጡ» ብሎ መጀመር በር ያዘጋል። «ወደ እናንተ ከመጣች መጀመሪያ ሐኪም ይያት፣ ለፖሊስም ይነገር» በሏቸው፤ ይህን የሚቀበሉት ይበዛሉ።

አንዳንድ ቡድኖች ሲንቄን፣ ማለትም ያገባች የኦሮሞ ሴት የምትይዘውን የክብር በትር፣ ይዘው ይነሳሉ። አርሲና ጉጂ ውስጥ ሴቶች የተበደለችን ሴት ደግፈው ሲንቄያቸውን ይዘው ሲወጡ ትልቅ ክብር አለው። ጅማ ግን የረጅም ዘመን የንግሥናና የእስልምና ታሪክ ስላላት በየመንደሩ ያው ክብደት ይኖረዋል ብላችሁ አትገምቱ። መጀመሪያ የአካባቢውን እናቶች ጠይቁ፤ እነሱ ካሉ ያዙት፣ ለጌጥ ግን አታምጡት።

ባዶው ቀሚስ

በአደባባይ የሚታይ ነገር ከፈለጋችሁ ከካናዳ ነባር ሕዝቦች የሚወሰድ ትምህርት አለ። የሜቲስ ተወላጅ የሆነችው ሠዓሊ ጄሚ ብላክ እ.ኤ.አ. በ2010 ባዶ ቀይ ቀሚሶችን በአደባባይ መስቀል ጀመረች፤ ለጠፉትና ለተገደሉት የነባር ሕዝቦች ሴቶች መታሰቢያ ነው። የካናዳ ፌዴራል ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ዘገባ ከ1980 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት የተገደሉ 1,017 እንዲሁም ጠፍተው ያልተገኙ 164 ሴቶችን ቆጥሯል። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2019 ብሔራዊ አጣሪ ጉባኤ ተቀምጦ 231 የፍትሕ ጥሪዎችን አቅርቧል። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት 720 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው የአውራ ጎዳና 16 ክፍል ላይ አውቶቡስ የሌላቸው ሴቶች የሰው መኪና እየለመኑ ሲጓዙ ይጠፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገ ጉባኤ መጓጓዣ ይሰጠን ተባለ፤ የሕዝብ አውቶቡሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከጩኸቱ ጋር አንድ ተለይቶ የታወቀ ጥያቄ መያዝ እንዲህ ያለ ፍሬ አለው። እናንተም አንድ ምረጡ፦ ጣቢያው ውስጥ ቃል የሚሰጥበት የተዘጋ ክፍል፣ ወይም ተማሪዎች አምሽተው የሚመለሱበት መንገድ ላይ መብራት።

ልብሱን ስትሰቅሉ ከ10 እስከ 12 ይሁን። የቤት ቀሚስ፣ ሂጃብ፣ ሻሽ፣ የተማሪ ልብስ ይደባለቅ። የተማሪው ልብስ የታወቀ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም አይሁን። የእውነተኛ ተጎጂ ልብስ፣ ቤተሰብ ቢፈቅድ እንኳ፣ አይሰቀል። የናይለን ገመዱን ወጥራችሁ በ3 ሜትር ርቀት ስቀሉ፣ ሰው በመካከሉ ማለፍ ይቻለው። ሥራው ያለው ከሥሩ ከሚቆሙት ሁለት ሰዎች ዘንድ ነው፤ የመንገዱን አንድ ገጽ በቃላቸው የያዙ ይሁኑ። የሐሙስ ገበያ ግርግር አይመችም፤ የጤና ጣቢያ ግቢ ወይም የዩኒቨርሲቲ በር ይሻላል። ሳይመሽ አውርዱት። ያደረ ልብስ ይቀደዳል፣ መሳለቂያ ፎቶ ይነሳበታል።

ሰልፍ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው። እናንተ ግን ከሳምንት በፊት አስገቡ፤ በቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም አስመቱ፣ ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ግልባጭ ይድረሰው።

ፎቶና ሬዲዮ

ፊት ማደብዘዝ አይበቃም። የዩኒፎርም ቀለም፣ የቀበሌ ስም፣ የአባት ሥራ፣ ድምፅ፣ ከኋላ የሚታይ አጥር፣ እነዚህ ሁሉ ልጅቷን ለሰፈሯ ያሳውቃሉ። ቲክቶክ ላይ «ፍትሕ ለ…» ተብሎ ስሟ የወጣ ልጅ ትምህርት ቤት ስትመለስ ያ ስም ይከተላታል። የዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ሬዲዮ ላይ ስትቀርቡ ባለሙያ ይናገር፣ ተጎጂ በቀጥታ ስርጭት አትቅረብ። ከፕሮግራሙ በፊት ስልክ የሚቀበሉ ሰዎች ይመደቡ፤ የሚደውሉት በብዛት በዚያው ማታ ነው።

የጠፋች ልጅ ፎቶ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ላይ መፍጠን ያስፈልጋል። ወደ ዓረብ አገር እንወስዳችኋለን በሚሉ ደላሎች የሚሄዱ ልጆች ከዚህ ዞን ብዙ ናቸው። 24 ሰዓት ይለፍ ሳትሉ ለፖሊስ አመልክቱ፤ የመጨረሻ ስልኳን፣ የለበሰችውን፣ አብሯት የታየውን አስመዝግቡ። ስትገኝ ፎቶዋን ከየገጹ አስነሱ።

መቼ

የዓለም አቀፉ 16 ቀናት ዘመቻ ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 1 ነው። ጳጉሜን 6 በሆነ ማግስት ባለው ዓመት ግን ከኅዳር 15 እስከ 30 ይውላል፤ ባነር ከማሳተማችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ። ቀኑ ቡና የሚለቀምበት ወቅት ላይ ይወድቃል። ገጠር ውስጥ ሰው እርሻ ላይ ነው፣ ልጃገረዶችም ከትምህርት ቀርተው ይለቅማሉ። ስለዚህ 16ቱን ቀናት ለከተማው አድርጓቸው። ለቡና ወረዳዎቹ የጋብቻውን መልእክት በመስከረም፣ ትምህርት ሲከፈት አድርሱ። የቡናው ገንዘብ ገብቶ ጥር ላይ ሰርግ ሲደገስ ጥሎሹ ተቆርጧል፣ ያኔ ማስጣል ከባድ ነው።

ስንት ሰው መጣ ብላችሁ አትቁጠሩ። ከዝግጅቱ በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ስንት ሴቶች ጤና ጣቢያ ደረሱ፣ ስንቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ደረሱ፣ ይህን ያለ ስም ከጤና ጣቢያው ጠይቁ። ቁጥሩ ከጨመረ ጥቃት በዛ ማለት አይደለም፤ የተደበቀው መታየት ጀመረ ማለት ነው። ይህን ለባለሥልጣናቱ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ካልሆነ «እናንተ ከመጣችሁ ወዲህ ባሰ» ተብሎ ሥራው ይዘጋል። በየሦስት ወሩም ያ አንድ ገጽ ላይ ያሉትን ቁጥሮች እንደገና ደውሉባቸው፤ የተቀየረ ካለ አሮጌውን ካርድ ከየበሩ ሰብስቡ።