ጃማይካ ሄዳችሁ ሆቴል ግቢ ውስጥ እንዳትቀሩ

ዲሲ ውስጥ "ጃማይካ ደርሼ መጣሁ" የሚል ሐበሻ አይጠፋም። ምን አየህ ስትሉት ግን የዋናውን ገንዳ፣ ባሩንና የባሕር ዳሩን ፎቶ ያሳያችኋል። ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ሰው ምግቡንም መጠጡንም አስቀድሞ ከፍሎ ሞንቴጎ ቤይ ወይም ኔግሪል ያለ የባሕር ዳር ሆቴል ይገባል። ከዚያ በኋላ ከግቢው መውጣት ኪሳራ ይመስለዋል። እኔ የምለው ሁለት ሌሊት ባሕሩ ዳር እደሩ፤ የቀረውን ለተራራውና ለራቅ ያሉት ከተሞች ስጡ።

ርቀትን በኪሎ ሜትር መቁጠር

ደሴቲቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 235 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። "በግማሽ ቀን አዳርሳታለሁ" ያለ ሰው መንገዱን አላየም። ከዋና ከተማዋ ከኪንግስተን እስከ ፖርት አንቶኒዮ ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠመዝማዛው ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። የሚነዳው ደግሞ በግራ ነው። ካልደፈራችሁ ቀይ ታርጋ ያላቸውን የመስመር ታክሲዎች ያዙ። እንደኛ ሚኒባስ ሳይሞሉ አይንቀሳቀሱም፤ ጠጋ ጠጋ በሉ ትባላላችሁ።

ብሉ ማውንቴንን መናቅ

የጃማይካ ትልቁ ተራራ ነው። ጫፉ 2,256 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ እንኳ ዝቅ ይላል። "ይሄማ ለኛ ምን አላት" ብለው በቲሸርት የሚወጡ አሉ (አንዱ እኔ ነበርኩ)። ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ጉዞው የሚጀመረው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ጃኬትና የእጅ ባትሪ ሳትይዙ እንዳትሞክሩት። ስትወርዱ ቡናውን ቅመሱ። ቡና ደሴቲቱ የገባው እ.ኤ.አ. በ1728 ነው፤ ዘሩ ከኛ ጫካ ተነስቶ፣ በየመን አድርጎ፣ ስንት አገር ዞሮ ነው እዚያ የደረሰው። ስትገዙ "ብሌንድ" የሚል የተጻፈበትን ተዉት፤ ሌላ ቡና የተቀላቀለበት ነው።

ከራስታ ጋር መከራከር

ጃማይካዊ ሁሉ ራስታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ቆጠራ ራስታ ነኝ ያለው ከመቶ አንድ ያህል ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ ክርስቲያን ነው። ግን አንድ ራስታ አግኝታችሁ ከኢትዮጵያ ነኝ ካላችሁት ጨዋታው ወዲያው ወደ ጃንሆይ ይሄዳል። ያኔ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። "ኧረ እሳቸው እኮ እንደኛው ሰው ናቸው፣ ኦርቶዶክስ ነበሩ" ብለን እንነሳለን። ሰውየው ይህን ስንቴ ሰምቶታል መሰላችሁ!

ይልቅ ስለ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጠይቁት። ጃንሆይ ኪንግስተን ያረፉት ያን ቀን ነው። ሕዝቡ አጥሩን አልፎ አውሮፕላኑን ስለከበበው ወዲያው መውረድ አልቻሉም። በመጨረሻ ሞርቲሞ ፕላኖ የሚባል የራስታ ሽማግሌ ደረጃውን ወጥቶ፣ ሕዝቡን አረጋግቶ መንገድ አስከፈተ። ራስታዎች ቀኑን እስከ ዛሬ በየዓመቱ ያከብሩታል። እኛ ስንቶቻችን እናስታውሰዋለን?

ጾመኛ ከሆናችሁ ደግሞ "አይታል" የሚሉትን የራስታ ምግብ ፈልጉ፤ ሥጋ የለበትም። ብዙ ጊዜ ጨውም የለውም፤ ሚጥሚጣ ቋጥራችሁ ሂዱ።

አኮምፖንግን ባልሆነ ቀን ማየት

ኮክፒት ካንትሪ በሚባለው የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ውስጥ አኮምፖንግ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ነዋሪዎቹ ማሩኖች ናቸው፤ ከባርነት አምልጠው ጫካ የገቡና እንግሊዝን ተዋግተው እ.ኤ.አ. በ1739 ውል ያስፈረሙ ሰዎች ልጆች። በሌላ ቀን ከሄዳችሁ ጸጥ ያለች መንደር ናት። ጃንዋሪ 6 ግን ከበሮው ይመታል፣ አቤንግ የሚሉት የከብት ቀንድ ይነፋል። በጦርነቱ ጊዜ በዚያ ቀንድ ነበር ከኮረብታ ኮረብታ መልእክት የሚላላኩት። ቀኑ ለኛ የገና ዋዜማ ነው፤ ጾሙ ስላልተፈታ ከድግሱ አትቀምሱም። ድግሱ የአሳማ ሥጋ ስለሆነ ብዙም አይቆጫችሁም። የመንደሩን ሰው መሪ አድርጋችሁ ግቡ፤ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

ወቅቱን ሳያዩ ትኬት መቁረጥ

ከጁን እስከ ኖቬምበር የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ ትኬቱ የሚረክሰውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ቤሪል የደቡቡን ዳርቻ መታው። በኦክቶበር 2025 ሜሊሳ ባሰች። አኮምፖንግና የዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር ትሬዠር ቢች ያሉበትን ሴንት ኤልዛቤትን ክፉኛ ጎድታዋለች። ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ የእንግዳ ማረፊያው መከፈቱን ደውላችሁ አረጋግጡ።

ሁለት ነገር ባጭሩ

አኪ የሚባለውን ፍሬ ቁርስ ላይ በጨው ከደረቀ ዓሣ ጋር ብሉት፤ ይጣፍጣል። ከዛፍ ቆርጣችሁ ግን አትቅመሱ። በራሱ ጊዜ ካልተከፈተ መርዝ ነው።

ጋንጃ ደግሞ "እዚያ ነጻ ነው" ሲባል እንዳታምኑ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ እስከ 56 ግራም ይዞ የተገኘ ወንጀለኛ አይባልም፤ የገንዘብ ቅጣት ግን አለው። ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ መግባት ደግሞ ያሳስራል። ሻንጣችሁን ራሳችሁ አሽጉ፣ የሰው ዕቃም አትቀበሉ።