የድሮ ሶፍትዌር አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አልጫን ሲላችሁ

ከሁሉ በፊት ሰዓትና ቀኑን እዩ። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ብዙ አመት ወደኋላ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባለው ክብ ባትሪ ሞታለች፣ ቀኑ ሲዛባ ደሞ አንዳንድ ኢንስታለር (ፕሮግራሙን የሚጭነው ፋይል) ሰርተፍኬቱን፣ ማለትም ትክክለኛነቱን የሚያረጋግጠውን ዲጂታል ፊርማ፣ አልቀበልም ብሎ ይቆማል፣ ባትሪዋን ቀይራችሁ ቀኑን አስተካክሉ።

ቀጥሎ ማይ ኮምፒውተር ላይ ራይት ክሊክ አርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዊንዶውሱ 32 ቢት ይሁን 64 ቢት (በአንዴ የሚያስተናግደው የዳታ መጠን ነው) አረጋግጡ። ሰው በከንቱ የሚለፋው እዚህ ጋ ነው፣ በዊንዶውስ 95 ዘመን የወጡ ፕሮግራሞች ራሳቸው 32 ቢት ሆነው እንኳ ኢንስታለራቸው 16 ቢት ሊሆን ይችላል፣ 64 ቢት ዊንዶውስ ደሞ 16 ቢት ጭራሽ አያስነሳም፣ ስለዚህ ደጋግሞ መሞከር ዋጋ የለውም፣ 32 ቢት ዊንዶውስ ወይ ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተራችሁ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሰራ ሶፍትዌር) ፈልጉ።

ቢቱ ችግር ከሌለው ሴትአፑን (ኢንስታለሩን) ከሲዲው ወደ ሃርድ ዲስክ ኮፒ አርጉት፣ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ ውስጥ ገብታችሁ ዊንዶውስ ኤክስፒን ምረጡና አድሚኒስትሬተር ሆኖ እንዲነሳ አርጉ። የሚጫንበትን ቦታ ፕሮግራም ፋይልስ አታርጉት፣ የድሮ ፕሮግራሞች ሴቲንጋቸውን እዛው ፎልደራቸው ውስጥ መፃፍ ስለሚወዱ ዊንዶውስ ይከለክላቸዋል፣ ሲ ድራይቭ ላይ አጭር ስም ያለው ፎልደር ይበቃል።

ፕሮግራሙ ዶት ኔት 3.5 (አንዳንድ ፕሮግራሞች ለመስራት የሚፈልጉት የማይክሮሶፍት ሶፍትዌር) ከጠየቀ ኮንትሮል ፓናል ውስጥ ዊንዶውስ ፊቸርስ ላይ አብሩት።

ኤክስፒ ላይ ከሆናችሁ ግን እባካችሁ ኢንተርኔቱን ንቀሉት፣ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው እ.ኤ.አ 2014 ላይ ነው፣ ስለዚህ የደህንነት ማስተካከያ አይደርሰውም።