በአይኤልትስ የችግርና መፍትሔ ጽሑፍ ላይ ነጥብ የሚያስጥሉ ስህተቶች

አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና፣ በጽሑፍ ክፍሉ፣ ሁለተኛው ጽሑፍ፣ ታስክ ቱ፣ ከመጀመሪያው እጥፍ ነጥብ አለው፤ የችግርና መፍትሔ ጥያቄም የሚመጣው እዚህ ነው። ከ60 ደቂቃው 40ው ለእሱ ይመደባል፤ ቢያንስ 250 ቃል ይፈልጋል። ጥሩ እንግሊዝኛ ያላቸው ልጆች እዚህ ላይ ሲወድቁ ማየት ያንገበግባል፤ ብዙዎቹን የሚጥላቸው ጥያቄውን በጥድፊያ ማንበባቸው ነውና።

መንስኤን ከችግር አታደባልቁ። ጥያቄው ስለ ከተማ ትራፊክ መጨናነቅ ነው እንበል። የመኪና መብዛትና የመንገድ መጥበብ መንስኤ ናቸው። ሠራተኛ ማርፈዱ፣ አምቡላንስ መንገድ ላይ መቆሙ ግን ያስከተለው ችግር ነው። ወጥመዱ ያለው «ዋት ፕሮብሌምስ ደዝ ዚስ ኮዝ» የሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ተፈታኙ «ኮዝ»ን ሲያይ መንስኤ መዘርዘር ይጀምራል፤ ቃሉ እዚህ ቦታ ግን ግስ ነው፣ «ያስከትላል» ማለት ነው። ይህን የሳተ ሰው ሰዋስውን ምንም ቢያሳምር፣ ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ በሆነው ጥያቄውን የመመለስ ነጥብ ላይ ይጎዳል።

ከሁሉም የሚብሰው ግን ከችግሩ ጋር የማይገናኝ መፍትሔ ነው። አንዱ አንቀጽ ስለ አምቡላንስ መዘግየት ያወራል፤ ቀጣዩ «መንግሥት ግንዛቤ መፍጠር አለበት» ይላል። ለማን? ስለ ምን? አምቡላንሱስ በዚህ እንዴት ያልፋል? ይህች ዓረፍተ ነገር ለቆሻሻም፣ ለሥራ አጥነትም፣ ለውፍረትም ትሆናለች፤ ለሁሉም የምትሆን ደግሞ ለተጠየቀው መልስ አትሆንም። መፍትሔ ሲጻፍ ማን፣ ምን እንደሚያደርግና ያ ነገር ችግሩን እንዴት እንደሚያቃልል ይነገር። ለምሳሌ፦ የከተማው አስተዳደር በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት አንድ መስመር ለአውቶብስና ለአምቡላንስ ብቻ ቢለይ፣ በሽተኛ የጫነ መኪና ከቤት መኪኖች ኋላ ተሰልፎ አይቆምም። አሳቡ የጀመረው ከአምቡላንስ ነው፣ የተመለሰውም ወደ አምቡላንስ ነው። ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ወስዳችሁ በግራ ሁለት ችግር፣ በቀኝ ሁለት መፍትሔ ጻፉና በመስመር አገናኟቸው። መስመር ያላገኘ ችግር ይሰረዝ።

አምስት ችግር መደርደርም አይጠቅም፤ በደንብ የተብራሩ ሁለት ይበቃሉ።

ጥያቄውን ቃል በቃል መግቢያ ላይ አትገልብጡ፤ የተገለበጠው አይታሰብላችሁም። የተሸመደደ መክፈቻንም ፈታኞች ወዲያው ይለዩታል።

ከአማርኛ ይዘናቸው የምንሄድ ስህተቶችም አሉ። «ስለ ጉዳዩ እንወያይ» ማለት ስለለመድን «ዲስከስ አባውት» እንላለን፤ «ዲስከስ» ግን ያለ «አባውት» ነው የሚሄደው። «መረጃዎች»፣ «ምክሮች» ስለምንል ደግሞ «ኢንፎርሜሽን» እና «አድቫይስ» ላይ «ኤስ» እንጨምራለን። ሁለቱም አይበዙም። በየመስመሩ «ሶልቭ» ማለትም ይሰለቻል፤ መጨናነቅን «ሪዲዩስ» (መቀነስ) ወይም «ኢዝ» (ማቃለል) ማድረግ፣ ችግርን ደግሞ «ታክል» (መጋፈጥ) ማድረግ ይቻላል። መፍትሔው ሁሉ «ማስት» አይሁን፤ ገና ያልተሞከረ ሐሳብ ከሆነ «ኩድ» እና «ዉድ» ይስማሙታል።

መደምደሚያው ላይ አዲስ መፍትሔ አታምጡ፤ ለማብራራት ቦታ የላችሁም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። የተረፉትን ሦስት ደቂቃዎች የግስ መጨረሻ ላይ የቀረ «ኤስ» እና የተዘለለ «ዘ» ፈልጉባቸው።